መንገዱን ቆርጦ መሄድ፦ ከአራብሳ ሜክሲኮ ያለ መኪና

የታክሲ ረዳቶች መንገድ ሲቆርጡብን ስንበሳጭ ኖረናል። ከአራብሳ መገናኛ መጫን ሲገባቸው «አያት ብቻ ነው! አያት!» ይላሉ። አያት ወርደን እንደገና እንሰለፋለን፣ እንደገና ሂሳብ እንከፍላለን። አንዱን መንገድ ለሁለት ቆርሰው ሁለት ጊዜ ሸጡልን ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ከረዳት ጋር ያልተጨቃጨቀ የከተማ ዳር ነዋሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ግን መኪናዬን ሸጬ ሦስት ዓመት ያለ መኪና የኖርኩት ይህንኑ ዘዴያቸውን ወስጄ ለራሴ ስላዋልኩት ነው።

ማንነቴን ላስቀድም። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም በእግር ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኝ ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ስገባ ቤቱን እንጂ ርቀቱን አላሰብኩትም። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በገባሁ በአራተኛው ወር ተበድሬ አንዲት ቪትዝ ገዛሁና ሦስት ዓመት ነዳኋት። ዛሬ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን በብስክሌት፣ በባቡርና በእግር እመላለሳለሁ። አውቄ የምናገረው ይህን መንገድ ብቻ ስለሆነ ምሳሌዬ ሁሉ ከዚሁ ነው። ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ ያላችሁ ወደ ሰፈራችሁ አዙሩት።

ከሁሉ በፊት ደብተር

ብስክሌት ለመግዛት አትሩጡ። ለሁለት ሳምንት አንዲት ትንሽ ደብተር ኪሳችሁ ይዛችሁ አምስት ሰዓቶችን መዝግቡ፦ ከበር የወጣችሁበትን፣ ሰልፍ የያዛችሁበትን፣ የተሳፈራችሁበትን፣ የወረዳችሁበትን፣ ወንበራችሁ ላይ የተቀመጣችሁበትን። «በግምት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል» የሚል ሰው ደብተር ይዞ አያውቅም።

የእኔ ደብተር እንዲህ አለኝ። በመኪና ፈጣኑ ቀን ሃምሳ አምስት ደቂቃ፣ ክፉው ቀን ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ስብሰባ ባለበት ቀን ለክፉው ቀን መዘጋጀት ስላለብኝ፣ መንገዱ ቢቀናም ባይቀናም ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት አስቀድሜ እወጣ ነበር። በታክሲና በባቡር ደግሞ ድምሩ አንድ ሰዓት ከሃምሳ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ባቡሩ ላይ የቆየሁት አርባ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከቀን ቀን ብዙም አይለያይም። ሰዓቴን የበላው ከአራብሳ አያት ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር ነበር። ቆሞ መጠበቁ፣ ሰልፍ መዝለሉ፣ ትርፍ ጭነው ሲሄዱ መዘግየቱ ተደምሮ አጭሩ መንገድ ረጅሙን ያህል ወሰደብኝ። ስድስት ኪሎ ሜትር ደግሞ ለብስክሌት የግማሽ ሰዓት ነገር ነው፤ የሚቆረጠው ቦታ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

መኪና ያላችሁ ሌላ ገጽ ጨምሩ። ቤንዚኑን ብቻ ጽፋችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ዘይት ቅያሪ፣ ጎማ፣ ጋራዥ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ማቆሚያ፣ እጥበት፣ ቅጣት ሁሉም ይግባ። ከእነዚህ በላይ ደግሞ መኪናው ራሱ ቆሞ የያዘው ገንዘብ አለ። እኔ የዓመቱን ከደመርኩ በኋላ ደብተሩን ዘግቼ ቡና አፈላሁ። ሁለተኛውን ስኒ ስጠጣ ቪትዟ ተሸጣ ነበር ማለት ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ለምን በኤሌክትሪክ አትለውጪም ነበር?» ይሉኛል። የነዳጁ ወጪ ይቀርልኝ ነበር፣ ልክ ናቸው። መገናኛ ላይ መቆሙ ግን አይቀርልኝም። በባትሪ የሚሄደውም መኪና የሚይዘው ያንኑ ያህል አስፋልት ነው።

የት ላይ ይቆረጥ?

የእኔ መመሪያ ቀላል ነው። የራሱ መስመር ያለው ነገር ረጅሙንና የተጨናነቀውን ይውሰድ፤ ብስክሌት እስከዚያ ያድርሰኝ፤ የመጨረሻውን እግሬ ይጨርሰው። በምሥራቅ በኩል ላለነው የራሱ መስመር ያለው ነገር ባቡሩ ነው። የቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ የሚነሳው መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የእኛው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ሐዲድ አብረው ስለሚጠቀሙበት፣ አንዱን መስመር ይዛችሁ ወደ ሌላው ለመዞር ምቹው ቦታ እዚያ ነው። ከአያት ተነስቶ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ይውረድ፤ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ መመለስ የለበትም። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

መቁረጫውን ስትመርጡ የመሬቱን ተዳፋት አትርሱ። አዲስ አበባ ያዘነበለች ከተማ ናት። ሰሜኑ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ደቡቡ አቃቂ ወደ 2,100 ይወርዳል። ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ በብስክሌት ልሂድ ያለ ሰው ጠዋቱን በሙሉ እየወጣ ነው። በዚያ በኩል ያላችሁ፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ልጆች፣ እስከ ቃሊቲ ጣቢያ ያለውን በብስክሌት ሂዱና ዳገቱን ለባቡሩ ተዉለት። እኔም ጠዋት ከአራብሳ ወደ አያት ስሄድ ትንሽ እወጣለሁ፤ ማታ ደክሞኝ ስመለስ ቁልቁለቱ ይዞኝ ይሄዳል። ጠዋት መውጣት፣ ማታ መውረድ። ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት የምተወው ይመስለኛል።

ባቡር የማይደርስባችሁ፣ የጀሞም የቡራዩም ሰዎች፣ በባቡሩ ፈንታ አውቶቡሱን አስቡ። አውቶቡስ ከሚነሳበት ጫፍ ድረስ በብስክሌት መሄድ በራሱ ትርፍ አለው፤ ጫፉ ላይ የተሳፈረ ይቀመጣል፣ መሐል ፌርማታ ላይ የጠበቀ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

አንድ ደንብ ጨምሩ፦ የጥበቃ ወሰን። የእኔ ሃያ ደቂቃ ነው። ባቡር የሚሄደው ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ መብራት ሲሄድ እርሱም ይቆማል። ሃያ ደቂቃ ከሞላ «አሁን ይመጣል» እያልኩ አልቆምም፤ ወጥቼ የመገናኛን ታክሲ ወይም አውቶቡስ እይዛለሁ። ወሰኑ ቀድሞ ካልተወሰነ ሰው ተስፋ አይቆርጥም፤ አርባ ደቂቃ ቆሞ ይገኛል።

ብስክሌቱ፣ ማለትም ሁላችንም ሳይክል የምንለው

የመጀመሪያው ግዢዬ ስሕተት ነበር። እቁብ ደርሶኝ ስለነበር እጄ ላይ ገንዘብ አለ፤ ሱቅ ገብቼ በጣም የሚያብረቀርቀውን፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን መረጥኩ። ነጋዴው «እትዬ፣ ይኼ ተራራ ይወጣል» አለኝ። ተራራውን አላውቅም፤ አራተኛ ፎቅ ግን አልወጣ አለ። ሞላው ለክብደት እንጂ ለሌላ አልጠቀመኝም። በየማታው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ስተነፍስ አንድ ጎረቤቴ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴትዮ፣ በራቸውን ከፍተው «ኧረ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» ይሉኛል። ሰው የሚለውን ለማሰብ ትንፋሽ አልነበረኝም። በነገራችን ላይ እዚህ ከተማ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። መኪና የሌለው ሰው ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ባለ መኪናው ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከሁሉ በፊት ብስክሌቱን አንሱት። መሐሉን ይዛችሁ ትከሻ ላይ አድርጉና ሱቁ ውስጥ አሥር እርምጃ ሂዱ። ነጋዴው ይስቃል፤ ይሳቅ። ከከበዳችሁ ተዉት። ሁለተኛውን ያገለገለ ገዛሁ፦ ሞላ የለውም፣ ሰባት ማርሽ አለው፣ ጎማው መካከለኛ ስፋት ነው። የእሽቅድምድም ዓይነት ቀጭን ጎማ ለእኛ ኮብልስቶን አይሆንም፤ በጣም ወፍራሙ ደግሞ አስፋልት ላይ ይጎትታል። ፓራፋንጎ ከሌለው አስገጥሙለት፤ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ጀርባችሁ መሐል የጭቃ መስመር ይዛችሁ ቢሮ ትገባላችሁ። የኋላ መጫኛም ያስፈልጋል፤ ቦርሳ ጀርባ ላይ ሲታዘል ላብ ያመጣል።

ኮርቻውን ለኩ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን የታችኛው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በከተማችን የማያቸው ብስክሌተኞች አብዛኞቹ ኮርቻውን ዝቅ አድርገው ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ። የጎማው አየር ስንት መሆን እንዳለበት ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በእጅ ፓምፕ እሞላለሁ። ለሰንሰለቱ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እየለመናችሁ አትቀቡ፤ በበጋ የአራብሳ አቧራ ላዩ ላይ ተጋግሮ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉት።

ጎሚስታ በየመንገዱ አለ፣ ይለጥፍላችኋል። ለብስክሌታችሁ ልክ የሆነ የውስጥ ጎማ ግን ላይኖረው ይችላልና አንድ ትርፍ ከኮርቻው ሥር እሰሩ።

መንዳት ለማትችሉ ደግሞ፣ እኔም አልችልም ነበር። ልጅ ሆነን ካዛንቺስ በሰዓት የሚከራይ ሳይክል ነበር፤ ወንዶቹ «አንድ ዙር!» እየተባባሉ ሲነዱ እኛ ሴቶቹ ቆመን እንቆጥር ነበር። የተማርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ያስተማረኝም ልጄ ነው። ዘዴው ይኸውና፦ ሁለቱን ፔዳሎች ፍቱና ኮርቻውን ሁለቱም እግር መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጉት። ትንሽ ተዳፋት ያለው ቦታ ላይ በእግራችሁ መሬቱን እየገፋችሁ ውረዱ። ከኋላ የሚይዛችሁ ሰው አያስፈልግም። ሚዛን ሲገባችሁ እግራችሁን ሳታወርዱ አሥር፣ ሃያ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ይመለስ። ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። ቦታ ካጣችሁ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ለተሽከርካሪ መንገድ የሚዘጋባቸው እሑዶች አሉ፤ እዚያ ከሕፃናት ጋር ብትወድቁ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

መንገዱ ላይ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሃያ እወጣለሁ። ያን ጊዜ አስፋልቱን የያዙት ውሾችና ሲኖትራኮች ናቸው።

ከውሾቹ እንጀምር። ገና በሚገነቡት ሕንፃዎች አጠገብ ቀን ቀን ተኝተው የምታዩአቸው፣ ጎህ ሲቀድ ጌቶች ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱ ባንዴ ተነሱብኝ። ነፍሴን ይዤ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ዳገት ላይ ነኝና የትም አልደረስኩም። አንዱ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ክንድ ያህል ቀደደው። የግንባታው ዘበኛ ጋቢውን እንደተከናነበ ብቅ ብሎ «እናቴ፣ ስለሮጥሽ ነው የሚያባርሩሽ። ውረጂላቸው» አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲጮሁ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፤ ብስክሌቱን በእኔና በእነርሱ መሐል አድርጌ፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እያወራሁ አልፋለሁ። የማወራቸው የዕለቱን የሥራ ዝርዝር ነው። አንደኛው፣ ጆሮው የተቆረጠው፣ አሁን አሁን እስከ ዋናው መንገድ ይሸኘኛል። ከነከሳችሁ ግን ቀልድ የለውም፦ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለሩብ ሰዓት እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቁ።

ሲኖትራክ ሌላ ነገር ነው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ነጂ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በቀኙ በኩል ሥሩ ያለውን አያይም። ቆሞ ብታገኙት እንኳ በቀኙ ሾልካችሁ አትለፉ፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የሚሄደው እናንተ ባላችሁበት ላይ ነው። ከኋላው ጠብቁ፣ ይሂድ። ስታልፉትም ሆነ ሲያልፋችሁ የነጂውን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ማየት ካልቻላችሁ እርሱም እናንተን እያያችሁ አይደለም።

ጀማሪ ሁሉ ከፍርሃት የተነሣ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል። ጠርዙ ጠጠርና የተሰበረ ጠርሙስ የሚጠራቀምበት፣ የፍሳሽ ክዳን የሚጎድልበት ቦታ ነው። አንድ ሜትር ገባ ብላችሁ፣ ቀጥ ባለ መስመር ሂዱ። ወዲያ ወዲህ የማይል ብስክሌት ለሾፌርም ይቀለዋል። ሚኒባስ ስታዩ እጁ መስኮት ላይ ያለውን ረዳት ተመልከቱ፤ «ወራጅ አለ» ከተባለ ሾፌሩ ምልክት ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይቆርጣል። አደባባይ ላይ እኔ ጀግና አይደለሁም፤ ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ከእግረኛ ጋር ዜብራ እሻገራለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መሐል ከተማ በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት ጎዳናዎች ብዙዎቹ የብስክሌት መስመር አላቸው፤ ከሥራ በኋላ ጉዳይ ላላችሁ ይጠቅማል። የእኛ ስድስት ኪሎ ሜትር ግን ከሲኖትራክ ጋር የጋራ ነው። ስለዚህ የፊትና የኋላ መብራት፣ ሄልሜትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ግዴታ አድርጉት። ሰደርያው የመንገድ ሠራተኛ ያስመስላል፤ አንድ ሾፌር አስቁሞኝ መንገዱ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቆኛል።

ስለ ልብስ ለእህቶቼ አንድ ነገር፦ ነጠላ። የዓርብ ዕለት ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስወርድ ጫፉ ኋላ ጎማው ውስጥ ገብቶ እንደ ክር ጠቀለለው። ብስክሌቱ ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። ነጠላ ይታጠፍና ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ቀሚስ ለምትለብሱ ከሥር ሱሪ፣ የቀሚሱን ጫፍ ደግሞ በልብስ መስቀያ ቆንጣጭ ወገብ ላይ ያዝ ማድረግ ይበቃል። የቢሮ ጫማዬ ከቢሮ አይወጣም።

ብስክሌቱን ለማን አደራ?

ከመንዳቱ ይልቅ ሰውን የሚያስፈራው ይህ ጥያቄ ነው፤ እውነትም ነው። ብስክሌት ከምሰሶ ጋር አስሮ ቀኑን ሙሉ መተው መልካም ሐሳብ አይደለም። ሰንሰለቱ ቢጠነክር ኮርቻው ይሄዳል፤ የእኔ ሄዷል። ኮርቻ የሌለው ብስክሌት ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ቆሜ ስነዳ የሳቁብኝን ልጆች አልረሳቸውም።

መፍትሔው ቁልፍ ሳይሆን ሰው ሆኖ ተገኘ። አያት ጣቢያው አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ወጣት አለች። ከላስቲክ ቤቷ ጀርባ ሁለት ሜትር ግድግዳ አየሁ። ቀጥታ ብስክሌት ያዢልኝ አላልኩም፤ ለሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ቡና ጠጣሁ። በሰባተኛው ቀን ጠየቅኳት። አሰበችና «እትዬ፣ ቢጠፋስ? እኔ የት አባቴ አምጥቼ እከፍላለሁ?» አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እናንተም ይህን ሳታነሡ አትስማሙ። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ በወር የተቆረጠ ክፍያ አለ፤ ቁልፉ የእኔ ነው፣ ሁለት ሰንሰለት፤ ቢጠፋ ዕዳው የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለም፤ በማትመጣበት ቀን ግን ከማታው በስልክ ትነግረኛለች። ክፍያዬን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እሰጣታለሁ፣ አሳልፌ አላውቅም። አሁን እዚያ ግድግዳ ላይ አራት ብስክሌቶች አሉ፤ ሁለቱ የቀን ሠራተኞች፣ አንዱ የተማሪ። እርሷም ከቡናው ሌላ ገቢ አገኘች። ቡና ሻጭ ባይኖር ጎሚስታ፣ ጎሚስታ ባይኖር የሱቅ ባለቤት፤ ቀኑን ሙሉ ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ፈልጉ።

ባቡርና ሰልፍ

ቲኬቱን ሳትገቡ ቁረጡ፣ እስክትወርዱም አትጣሉት። ቦርሳ ከፊት። ወደ በር አትጣበቁ፣ ሁለት ጣቢያ ሲቀራችሁ ብቻ ተጠጉ። ወር በገባ በ12 ሲኤምሲ ሚካኤል ነው፤ ኅዳርና ሰኔ ላይ ደግሞ ዓመታዊው በዓል ስለሆነ ባቡሩም መንገዱም ነጭ በነጭ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ ወይም ተሳልሜ እሄዳለሁ።

ማታ ባቡር ካመለጠና መገናኛ ላይ ሰልፉ ከተጠማዘዘ፣ ሰልፉ ጫፍ ላይ ከመቆማችሁ በፊት ርዝመቱን ቁጠሩ። ሚኒባስ የሚይዘው አሥራ ሁለት ሰው ነው። ስልሳ ሰው ፊታችሁ ካለ አምስት ታክሲ መጠበቃችሁ ነው። ታክሲዎቹ በምን ያህል ደቂቃ እንደሚመጡ ሁለቱን ካያችሁ የራሳችሁን ተራ ማስላት ትችላላችሁ፤ ከዚያ መቆም ወይም እስከ ጉርድ ሾላ በእግር መሄድ የስሌት እንጂ የንዴት ጉዳይ አይሆንም።

መኪና የሚፈለግበት ቀን

አለ። ሌሊት የታመመ ሰው፣ ሩቅ ለቅሶ፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ። ለእነዚህ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እይዛለሁ፤ ያለ ምንም ጸጸት፣ የኋላ ወንበር ላይ ደገፍ ብዬ። ደብተሬ ላይ ለብቻው አምድ አለው። ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለት ወሩ ድምር ለቪትዟ ለጋራዥ ብቻ አወጣ ከነበረው አልደረሰም። ጤፉን ወፍጮ ቤት ድረስ ለመውሰድ ጋሪም አለ።

ክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚዘንበው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ብዙ ጊዜ ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። ውኃ የተኛበትን ጉድጓድ ጥልቀቱን ካላወቃችሁ አትግቡበት፤ የትናንቱ ጉድጓድ ዛሬ ክዳኑ የተነሣ ሊሆን ይችላል። የጠርዝ ፍሬን ያለው ብስክሌት ቸርኬው ሲረጥብ ወዲያው አይዝም፤ ውኃው እስኪጠረግ ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁት። ጃንጥላ ይዞ መንዳት የሞከረ አይቻለሁ፤ አትሞክሩት። ረጅም የፕላስቲክ ካፖርትና ደብተር የሚጠቀለልበት ፌስታል ይበቃል።

በረዶ ከጣለ ደግሞ አልነዳም። ከባቡሩ ወርጄ ላስቲክ ቤቱ ሥር እገባለሁ፤ ልጅቷ ከሰሉን ወደ እኔ ትገፋልኛለች፣ ሁለተኛ ጀበና ይጣዳል። የቀን ሠራተኞቹም ብስክሌታቸውን ሊወስዱ መጥተው ይጠለላሉ። ኮርቻዎቹን እርሷ ቀድማ በፌስታል ጠቅልላቸዋለች። ሲያባራ መጀመሪያ የሚወጣው ተማሪው ነው፤ ጎርፉ የት ላይ እንዳለ ከታች ሆኖ ይደውልልናል።